ባዶው ሐሙስ

«ፍሪጁን ከሰዓት በኋላ አምጡት፤ እናቴ ቤቱ ሄዳ ትጠብቃችኋለች። ባዶ ናት፣ ካላንደሯን አይቼዋለሁ» አለ ታላቅ ወንድሜ በስልክ። እኔ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጥርሴን እየቦረሽኩ ነበር። የመታጠቢያ ቤታችን በር ከታች በኩል ውሃ በልቶት ስለተነሳ ሳሎን የሚወራው ሁሉ እዚያ ይሰማል። ባዶ ያላት እናታችንን ነው። ወደ ሥራው ሲያልፍ ብቅ ማለቱ ነበር፤ እንደ ልማዱ አልተቀመጠም፣ የቀረበለትን ሻይ ቆሞ ግማሹን ጠጣና የአዲሱን አፓርታማ ቁልፍ ከስኳር ማስቀመጫው አጠገብ አኖረ። ስለ ፍሪጁ ዋጋ ነገራት፤ ባለፈው ወር ቢገዛው ኖሮ በዚያው ገንዘብ ምድጃ ይጨመርለት እንደነበር፣ አሁን ግን ሁሉም ነገር እሳት እንደሆነ። «እሳት ነው እንጂ» አለች እናቴ። ጉንጯን ሳማትና ወጣ። እቤት ውስጥ አለቃው ነው የምንለው። ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነው፤ ስሙ የወጣለት ግን ከሹመቱ በፊት ነው።

አፌን ሳልጉመጠመጥ ወጣሁ። እናቴ እሱን ሸኝታ ወደ ወጥ ቤት ተመልሳ፣ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ክፍልፋይ ትደምራለች። ከትልቁ ጠረጴዛ ይልቅ ወጥ ቤቱን ትመርጥ ነበር። ሳሎን ስታጠና ያያት ሁሉ አንድ ነገር አምጪልኝ ይላታል፤ ወጥ ቤት ከሆነች ግን እየሠራች ይመስለዋል። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ኖራ፣ ዓይኗ በመርፌ ክር ማሾለክ ሲያቅተው ማሽኗን አልብሳ የማታ ትምህርት ገባች። አሥረኛ ክፍል ደርሳ ነበር።

«እማዬ፣ ፈተናሽ ዛሬ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«ቸኩሏል። ደግሞ እኮ ጽፎታል» አለችና በእርሳሷ ጫፍ ስልኳን አሳየችኝ።

ስልኳን አነሳሁት። ካላንደሩን የጫንኩላት እኔ ነኝ። ትምህርት በጀመረች ሰሞን የታሪክ ደብተር ይዛ ለኬሚስትሪ ትሄድ ነበር፤ የቤት ሥራ ሠርታ ትረሳዋለች፣ የረሳችውን ፍለጋ ከመንገድ ትመለሳለች። እኔ የምሠራው ትምህርት ቤቷ ፊት ለፊት ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ኮምፒዩተር ያስተማረኝ ሰው የለም፣ በመነካካት ነው የለመድኩት፤ እሷንም እንደዚያው በመነካካት አስለመድኳት። ቋንቋውን አማርኛ አደረግኩት፣ ፊደሉን አተለቅኩት፣ ቀለም አሳየኋት። ወንድሜ ይህን ሲሰማ «ለሁላችንም ይታየን፣ ሳናውቅ እንዳንረብሻት» አለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ለእሱም፣ ለነርሷ እህቴም፣ ለእኔም እንዲታይ ተደረገ፤ ሁላችንም መጻፍ እንችላለን። እናቴም አላሳፈረችኝም፤ የነገሯትን ሁሉ በአንድ ጣቷ ትጽፋለች፣ በሰዓቱ ሲጮህላት ትነሳለች።

ያን ቀን ጠዋት ግን ሳምንቱን ገልጬ በደንብ አየሁት። የነርሷ ዩኒፎርም ላውንደሪ፤ የመብራት ክፍያ፤ ለአለቃው መጋረጃ መለካት፤ የነርሷ ዩኒፎርም ከላውንደሪ፤ የእኔን ጫማ ከጫማ ሰፊ፤ ፍሪጅ መቀበል። ከእነዚህ መሀል የማክሰኞና የሐሙስ ማታ እንደ ወረቀት ነጭ ነበሩ። የሐሙስ ከሰዓት በኋላም ወንድሜ እስኪጽፍበት ድረስ እንደዚያው ነጭ ነበር።

«ትምህርትሽ የት አለ?»

«የት ይሆናል፣ ትምህርት ቤት ነዋ።»

«እዚህ ላይ ማለቴ ነው። ክፍል የለም፣ ጥናት የለም፣ ፈተና የለም።»

እንደ ቂል አየችኝ። «ቀጠሮ እኮ ለሰው ነው የሚያዘው» አለች። «የራሴን ምን ብዬ እጽፋለሁ? የራሴማ ባዶው ነው። ባዶውን ሳየው ይኼ የእኔ ነው እላለሁ።»

ይህን ያህል ጊዜ እሷ የእኔ የምትለውን ነጭ ቦታ ወንድሜ ባለቤት የሌለው መሬት አድርጎ ሲያየው ኖሯል። እሱም አልዋሸም፤ እሷም አልተሳሳተች። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ግን ከማጠቃለያ ፈተና የቀረ ተማሪ ዓመቱን እንደሚደግም ተለጥፏል፤ ማስታወቂያውን ያተምኩት እኔ ነበርኩ። ፈተናው በስምንት ሰዓት ነው። ፍሪጁ ደግሞ ከሰባት እስከ አሥር ባለው መሀል ይመጣል፣ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ አፓርታማው ደግሞ ሌላው የከተማ ጫፍ ነው።

«እደውልለታለሁ» አልኩ።

«አትደውዪ። እደርሳለሁ። ቶሎ ከመጡ ተቀብዬ በታክሲ እመለሳለሁ።»

«ካልመጡስ?»

ወደ ክፍልፋዮቿ ተመለሰች። እናቴ መልስ የሌላትን ጥያቄ ዝም ነው የምትለው፤ ያንን ዝምታ ሦስታችንም ልጆቿ ለብዙ ዓመት እሺታ ነው ብለን ተርጉመነዋል።

ረፋዱን እንዴት እንዳሳለፈችው የሰማሁት በኋላ ከራሷ ነው፤ እየሳቀች ነበር የነገረችኝ። ስልኩ ሲጮህ «እሺ» ትለዋለች፣ እንደ ሰው። መጀመሪያ ላውንደሪ ሄዳ የእህቴን ዩኒፎርሞች ተቀበለች፤ ሴትየዋ የሳሙና ዋጋ ስለጨመረ እሷም እንደምትጨምር ነገረቻት፣ እናቴም «ጨምሪ እንጂ፣ ማን ይከለክልሻል» አለቻት። ከዚያ በፌስታል የተጠቀለሉትን ዩኒፎርሞች ክንዷ ላይ አንጠልጥላ መብራት ልትከፍል ተሰለፈች። ወረፋው ከአዳራሹ አልፎ ደረጃ ላይ ደርሷል፣ ካሉት መስኮቶች አንዱ ብቻ ነው የሚሠራው። እሷም ጊዜዋን ላለማባከን ዓይኗን ጨፍና ቀመሮቿን በለሆሳስ ትደጋግም ጀመር። ከፊቷ የቆመችው ሴት ጸሎት መስሏት «አሜን» አለቻት። እናቴ ዓይኗን ገልጣ «ገና አላለቀም፣ የክብ ስፋት ይቀራል» ብላ ቀጠለች። ሴትየዋም ምን ቸግሯት፣ እሱንም አሜን አለችለት።

እኩለ ቀን ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት መጣች። ሱቃችን ሁለት ሰው ጎን ለጎን ካለፈበት ሦስተኛው ውጭ የሚጠብቅበት ዓይነት ነው፤ ማሽኑ ግማሹን ይዞታል፣ የሞቀ ቀለምና የወረቀት ሽታ ልብስ ላይ ይቀራል። የፈተና ቀን በመሆኑ የማታ ተማሪዎቹ የመግቢያ ካርዳቸውን ለማሳተም ተኮልኩለው ነበር። የአንድ ገጽ ዋጋ ከትላንት ወዲያ መጨመሩን ሲሰሙ ተንጫጩብኝ፣ እኔም እንደ ሁሉም ሻጭ «እኛ ምን እናድርግ» አልኩ። አብዛኞቹ እናቴን የሚያህሉ ናቸው። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር አለ፤ ዳቦ ቤት የምትሠራ ሴት አለች፤ እናቴ የክፍሉ አለቃ ስለነበረች ሞኒተር ነው የሚሏት። እሷ ናት አንድ በአንድ እያመጣች ስልካቸው ላይ ካላንደር ያስጫነቻቸው። «ሲጠፋብን አንቺ ነሽ የምታገኚልን» እያሉ ምሳ ሰዓቴን ይበሉታል። ሁሉም የራሱ አያያዝ ነበረው። ዳቦ ጋጋሪዋ ጥናቷን ሊጥ ከሚያርፍበት ሰዓት ጋር አስተካክላ ያዘች። ሾፌሩ እያንዳንዱን ትምህርት እንደ ጉዞ ነበር የሚጽፈው፤ «መነሻ ቤት፣ መድረሻ ሒሳብ፣ ጭነት ሁለት ደብተር»። ማስታወሻውም የመኪና ጥሩምባ ነው፤ ሲነፋ ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳ ይጠጋል።

«የእኔ ሦስቴ ነው የሚነፋው» አለ ስልኩን ከፍ አድርጎ። «አንዴ ለመንቃት፣ አንዴ ለመላጨት፣ አንዴ ለፈተና። ሞኒተር፣ የአንቺስ ዛሬ ምን ይላል?»

ከእጇ ወሰደና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አነበበ። ሳቁ መሀል ላይ ቆመ።

«ፍሪጅ መቀበል» አለ። «እኛ ሒሳብ ስንፈተን አንቺ ፍሪጅ ልትፈተኚ ነው?»

ሰዎቹ ሳቁ፣ እናቴም አብራ ሳቀች፤ ግን ዩኒፎርሞቹን ከአንድ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረቻቸው። ዳቦ ጋጋሪዋ አልሳቀችም። «ልጅሽ ነው የጻፈው?» አለቻት ቀስ ብላ።

«ልጄ ነው። ባዶ መስሎት ነው።»

«እኔንም ባዶ ነበር የሚሉኝ» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «ሌሊት ሠርቼ ቀን ስተኛ። አሁን እንቅልፌንም ጽፌዋለሁ። እንቅልፍ ብዬ። በቀይ።»

ያን ጊዜ የእናቴ ስልክ ጮኸ። ለፍሪጁ መነሻ ሰዓት ነበር። ሁላችንም እሺ ትለዋለች ብለን ጠበቅን፤ እኔም ማሽኑን አቆምኩት። አላለችም። ዩኒፎርሞቹን የወረቀት ክምሩ ላይ አስቀመጠች፣ መነጽሯን አወጣች፣ በቀሚሷ ጠረገች፣ ከሾፌሩ እጅ ስልኩን ተቀበለች።

«ይኼን እንዴት ነው የማጠፋው?»

«አታጥፊው» አልኳት። «ብታጠፊው የጠፋበት ይመስለዋል። እዚህ ጋ አልቀበልም የሚል አለ።»

«አለ እንዴ?»

«መጀመሪያም ነበረ።»

«አላሳየሽኝማ።»

«አልጠየቅሽኝማ፣ እማዬ።»

አየችኝ፤ ከዚያ አልቀበልም የሚለውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፣ ጣቷንም ቶሎ አላነሳችውም፤ አዝራር ስትሰፋ ክሩ እስኪጠብቅ እንደምትይዘው ነበር የያዘችው። ቀጥሎ ያዘዘችኝን በደንብ አስታውሳለሁ። «አሁን ማክሰኞና ሐሙስን አምጪልኝ። እኔ ልጻፍ፣ አንቺ አትንኪው።» ከሰዓት በኋላውንና ማታውን አንድ ላይ አጋመደችው፤ ርዕስ በሚለው ቦታ ላይ ትምህርት ብላ የምትጽፍ መስሎኝ ነበር። «እኔ» ብላ ጻፈች። ሁለት ፊደል። ስልኩ በየሳምንቱ ይደገም እንደሆነ ጠየቃት፣ ይደገም አለችው። ቀጥሎ እስከ መቼ እንደሆነ ጠየቃት።

«እስከ መቼ ይለኛል።»

«ቀን ከፈለግሽ ስጪው። ካልፈለግሽ ማብቂያ የለውም የሚለውን ተይው።»

«እንግዲያው ልተወው» አለች።

ስምንት ሰዓት ሲቃረብ ወጥተን አስፋልቱን ተሻገርን፣ እሷና ሾፌሩና ዳቦ ጋጋሪዋ ከፊት፣ እኔ ዩኒፎርሞቹን ይዤ ከኋላ። የትምህርት ቤቱ አጥር ግንብ ነው፣ ቀለሙ በየቦታው ተላልጧል፤ በሩ ላይ ዘበኛው የእያንዳንዱን ካርድ ከፊቱ ጋር እያስተያየ ያስገባል። ሾፌሩ ፎቶው የጎልማሳነቱ ስለነበር ከዘበኛው ጋር ክርክር ገጥሟል። ይህን ጊዜ ወንድሜ መኪናውን ጎማው እግረኛ መንገድ ላይ እንደወጣ ትቶት መጣ። ከቢሮ ነው የመጣው፣ የመሥሪያ ቤቱ መታወቂያ አንገቱ ላይ ነበር። አልጮኸም። ወንድሜ ሲናደድ ድምፁ ዝቅ ነው የሚለው፣ ባለጉዳይ እንደሚያባብል ሰው።

«እማዬ፣ የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሟል። አልቀበልም የሚል መጣልኝ፣ ተሳስተሽ ነክተሽው ነው አይደል?»

«አልተሳሳትኩም።»

«ቀጠሮ እንዳልነበረሽ አይቻለሁ እኮ። ባዶ ነበር።»

«አሁን እየው።»

ስልኩን አወጣ። አየው። ጣቱን ወደሚቀጥለው ሳምንት አሻገረ፣ ወደሚቀጥለው ወር አሻገረ፤ ፊቱ ላይ የስልኩ ብርሃን ሲለዋወጥ አየሁ። ቀና ሲል ድምፁ ይበልጥ ዝቅ ብሎ ነበር። «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ይኼ ፈተና ምን ያደርግልሻል? እስቲ ንገሪኝ።»

«ስለማላውቀው ነው የምፈተነው» አለችው። «ባውቀውማ እንደ አንተ በመኪና እዞር ነበር።»

ሾፌሩ ክርክሩን አቁሞ ወደ ሰማይ ማየት ጀመረ። እናቴ ከቦርሳዋ ማስመሪያና ላጲስ እያወጣች ወደ ግራ እጇ አዛወረች፣ ከሥራቸው የአፓርታማውን ቁልፍ አገኘችና መዳፉ ላይ አኖረችለት። መዳፉን በሁለት እጇ አጠፈችለት፣ ልጅ ሆኖ ሱቅ ስትልከው ሳንቲሙን እንደምታስጨብጠው።

«አለቃዬ» አለችው፣ «ሌላ ሰዓት ፈልግ።»

ዘበኛው ካርዷን ሳያይ «ይግቡ እናቴ» አላት። «እየው እንጂ፣ ለዚህ ነው ያሳተምኩት» አለችው፣ አሳየችው፣ ገባች።

በሩ ሲዘጋ እኔና ወንድሜ ውጭ ቀረን። እሱ ቁልፉን እንደያዘ፣ እኔ የእህታችንን ዩኒፎርም እንደታቀፍኩ ቆምን። በአንድ ቤት ያደጉ ሰዎች እንደዚያ ጎን ለጎን ሲቆሙ ማን ቀድሞ እንደሚናገር ያውቃሉ፤ ሁልጊዜ እሱ ነበር። «አንቺ ነሽ ያስተማርሻት» አለኝ። «አዎ» አልኩት፣ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ከዚህ በፊት ለእሱ አዎ ብዬ ምክንያት ያልደረደርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ወደ መኪናው ሄደ። ቁልፉን አድርሶለት ፍሪጁን ጎረቤት ተቀበለለት፤ በበሩ አላልፍ ብሎ የበሩን ማጠፊያ አስፈትቷቸው እንደነበር በኋላ ሰማን። እናቴ ብትኖርም ባትኖርም መፈታቱ አይቀርም ነበር።

ስትወጣ ጣቶቿ በእርሳስ ጠቁረው ነበር። «ሦስተኛውን ጥያቄ ጭራሽ አላወቅኩትም» አለችኝ፣ ፊቷ ግን ያወቀችው ሰው ፊት ነው። ሾፌሩ ከኋላችን «እኔ ከሦስተኛው በቀር ሌላውንም አላወቅኩም» ይላል። ሻይ ቤት ገብተን ሁላችንም ሻይ በዳቦ በላን፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ዳቦውን አገላብጣ አይታ «ይኼ አላረፈም» አለች። እዚያው እያለን እህቴ ደወለች፣ ተረኛ ነበረች፣ ከጀርባዋ የአልጋ ጎማ ይሰማል። «እማዬ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ላይ እኔ እኔ የሚለው ምንድነው? ማን ነው?»

«እኔ ነኛ» አለች እናቴ። «ዩኒፎርምሽ ከላውንደሪ ወጥቷል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያለው፤ ራስሽ መጥተሽ ውሰጂ።»

ውጤቱ ሲመጣ ሒሳብ ወድቃ ነበር፣ ለጥቂት። ሾፌሩ አለፈ፤ እንዴት እንዳለፈ እሱም አያውቅም። እናቴ ውጤቷን ሁለት ጊዜ አነበበችና ለድጋሚ ፈተና ተመዘገበች። «ሐሙስ እንደሆነ አለልኝ» አለች። ማክሰኞም ሐሙስም አንድም አልቀረችም፤ በሁለቱ ቀን ቤታችን ውስጥ የሚፈለግ ነገር ካለ የፈለገው ሰው ራሱ ይሄዳል፣ ወይም ይቀራል። ድጋሚ ፈተናው ሳይደርስ በእሑድ ጠዋት፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ልቧ ቆመ። ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ አንድ ነገር ይል ነበር፤ ምስኪን፣ ያን ሁሉ ደክማ ፍሬውን ሳታየው። እኔ ያን ጊዜ አቀርቅሬ ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ያን ዝምታ እሺታ ነው ብሎ የተረጎመ ሰው ካለ እሺታውን እንዲመልስልኝ ነው። አይታዋለች። በየማክሰኞው፣ በየሐሙሱ አይታዋለች። ሾፌሩና ዳቦ ጋጋሪዋ ከመቃብሯ ስንመለስ የተናገሩት ይኼንኑ ነው፤ እነሱ ናቸው ያወቋት።

ባለፈው ሰሞን ወንድሜ ስለ ቤቷ ለመነጋገር ሦስታችንንም ሊቀጥረን ፈለገ። የሚመቸው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሊጽፈው ሲል ስልኩ በዚያ ሰዓት ሌላ ቀጠሮ እንዳለ ነገረው። ደወለልኝ። ድምፁ እንደዚያን ቀን ዝቅ ያለ ነበር፣ ንዴት ግን አልነበረበትም።

«አሁንም አለ እኮ» አለኝ። «እኔ ይላል። ስንት ወር ብገፋው አያልቅም። አንቺ ታውቂበታለሽ፣ አጥፊው።»

«አላጠፋውም።»

«ሰው የለበትም እኮ። ባዶ ነው።»

የሱቁን በር ተደግፌ ነበር የቆምኩት። ማዶ የማታ ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ይዘው እየገቡ ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ጥሩምባ ተነፋ፣ ሁለት ሴቶች ደንግጠው ወደ ግንቡ ተጠጉ፣ አንድ ሽማግሌ ስልኩን ለማጥፋት ኪሱን ሲደባብስ አየሁት።

«ባዶ አይደለም» አልኩት። «ሌላ ሰዓት ፈልግ።»